እናቴን ቤት አልባ ያሉበት ሥዕል

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር «ተይው እንግዲህ፣ አለፈ እኮ» ይሉኛል። አላለፈም። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጸጉሬ ሸብቷል፣ የተቀየምኳቸውን ብዙ ሰዎች ይቅር ብያለሁ። ይህን ግን ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የአንዲት ትንሽ ሥዕል ነገር ነው። ቢጫ በሆነ ወረቀት ላይ በከሰል የተሳለች ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም፣ ደረጃው ሥር፣ ብርሃን እምብዛም በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ፎቅ ላይ ያሉትን ትላልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ለማየት የሚጣደፍ ሰው ዞር ብሎም አያያትም። በርጩማ ላይ የተቀመጠች፣ ነጠላዋን ገና ያላወለቀች ሴት ናት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ፊቷን ወደ ጎን መልሳለች። ያቺ ሴት እናቴ ናት።

እናቴ ከጉራጌ አገር በሙሽርነት መጥታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቅቤ እየሸጠች የኖረች ሴት ነበረች። አባቴ አናጢ ነበር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍል በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ታሞ ሞተ። እናቴ የጓሮዋን ክፍል እያከራየች፣ ቅቤዋን እየሸጠች አሳደገችኝ።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ትምህርት ቤት መሄድ በጀመርኩበት ጊዜ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ብቅ አለ። «ይህ ቤት የተሠራው በእኔ ገንዘብ ነው፤ ልቀቂ» አላት። እናቴ ሳቀችበት። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም፣ ከሰሳት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ከቅቤ የበለጠ የሚወራው ቀጠሮ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ሥዕል የሚማር ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ የጠቆረ። እናቴ ትወደው ነበር። ሲርበው ታበላዋለች፣ ሲያመው ፌጦ ትበጠብጥለታለች። እሱም «እትዬ» እያለ ከኋላዋ አይጠፋም። ግቢው ውስጥ ያልሳለው ነገር የለም፤ ዶሮውን፣ አጥሩን፣ እኔን ሳይቀር። እሷን ግን ልሳልዎት ሲላት «ሥራ ፈት አደረግከኝ እንዴ?» ትለውና ትሄዳለች።

አንድ ቀን እናቴ ከፍርድ ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። አላየችኝም፣ አልፋኝ ገባች። ግቢው መሃል ያለውን በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ነጠላዋን አላወለቀች፣ ውኃ አልጠየቀች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ዳኛው ፊት ቆማ ልትናገር ስትል «ሴትዮ፣ ተቀመጪ፤ ነገረ ፈጅሽ ይናገር» አሏት። «ነገረ ፈጅ የለኝም ጌታዬ» አለች። «እንግዲያው ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች። የአባቴ ወንድም ነገረ ፈጅ ብቻውን ሲናገር ዋለ። እሷ እንዳይፈነዳ የያዘችውን ንዴት ይዛ እስከ ቤት በእግሯ መጣች።

ልጁ ከክፍሉ ብቅ ብሎ አያት።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ እንዲሁ እንዳሉ ይቆዩ» አላት።

«ተወኝ አንተ ልጅ! ዛሬ እንዳትጠጋኝ!»

አልተጠጋትም። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ሳላት። እሷም አልተነሳችም። እንዲሳላት ፈቅዳ አይመስለኝም፤ ከንዴቷ ብዛት የት እንዳለች ራሱ ረስታ ነው። ሲጨርስ አምጥቶ አሳያት። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ይቺ ሴትዮ ልትማታ ነው እንዴ?» አለችና ሳቀች። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም። ከልደታና ከጠመንጃ ያዥ ባሏ ቤቱን ሲሠራ በዓይናቸው ያዩ፣ ጭቃውን አብረው ያቦኩ ጎረቤቶች አስከትላ ሄዳ ነበር። እያንዳንዳቸውን አስመሰከረች። ነገሩ ረዘም ብሎ ቆየ እንጂ በመጨረሻ ረታች። ቤቱ የእኛ ሆነ፣ የጓሮዋም ክፍል የእኛ ሆነች። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ጓዙንና ሥዕሎቹን ጠቅልሎ ሄደ። እናቴ ስሞ ሲሰናበታት አለቀሰች። ሥዕሏን ስጠኝ አላለችውም። ምን ታደርጋታለች?

ከዚያ አብዮቱ ፈነዳ። ትርፍ ቤት ይወረሳል ተባለና የአባቴ የጓሮ ክፍል ትርፍ ሆና ተገኘች። ከልጁ በኋላ የገባው ተከራይ ወጣ፣ ቀበሌው ቁልፍ ለወጠ። ግድግዳዋ ላይ የሦስት ጺማም ፈረንጆች ፎቶ ተለጠፈና የንባብ ክፍል ተባለች። ሲነበብባት አንድም ቀን አላየሁም። አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፋ ትውላለች፤ እናቴ በገዛ ግቢዋ፣ በባሏ እጅ በተሠራ በር ላይ የሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎ እያየች ትገባለች፣ ትወጣለች። በፍርድ ቤት ተከራክራ ያስቀረችውን ክፍል ያለ ክርክር ወሰዱባት። አቤት የሚባልበት ዳኛ እንኳ አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ አድጌ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታ ነበር፤ አላገባሁም፣ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር አባላት በሙሉ ሙዚየም ለመጎብኘት እንዲወጡ ታዘዘ። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። እናቴ እየተነጫነጨች ነጠላዋን አጣፋች። አውቶቡስ ውስጥ አጨቁንና ሄድን።

አስጎብኚው ደረቱ ላይ ባጅ የለጠፈ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነበር። ከፎቅ አስጀምሮን ኋላ ወደ ምድር ቤት አወረደን። ደረጃው ሥር ስንደርስ ቆመና በያዘው ቀጭን ዱላ አመለከተ።

«ይህች ቤት አልባ ሴት ትባላለች። በፊውዳሉ ሥርዓት መጠለያ አጥታ በየአጥሩ ሥር ትቀመጥ የነበረች ጭቁን ሴት ናት። ዓይኖቿን ተመልከቱ፤ ተስፋ ቆርጣለች። ዛሬ አብዮታችን ለእንደዚህች ያለች ሴት ቤት ሰጥቷታል።»

ከሥሯም በካርቶን ላይ እንዲሁ ተጽፎ ነበር። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በርጩማውን ነው። አባቴ የሠራው፣ አንድ እግሩ ከሌሎቹ ወፈር ያለው በርጩማችን። ከዚያ ፊቷን አየሁ። ወደ እናቴ ስዞር እሷ ቀድማ ደርሳበታለች።

«ማን ናት ቤት አልባ?» አለች።

አስጎብኚው ፈገግ አለ። «ይህች በሥዕሉ ላይ ያለችው፣ እናቴ።»

«ይህች እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ዞሩ። የማኅበሯ ሊቀመንበር፣ ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልባት ሴት፣ እናቴን በክንዷ ያዘቻትና «ይተዉ እንጂ፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለቻት።

እናቴ ክንዷን አስለቀቀች። «ፊቴን አላውቀውም? በርጩማዬን አላውቀውም? ስማኝ ልጄ፣ የተቀመጥኩት ግቢዬ ውስጥ ነው። ተስፋም አልቆረጥኩም፤ ተናድጄ ነው። የተናደደ ሰው አይተህ አታውቅም? ቤትም ነበረኝ። ተከራክሬ የረታሁበት ቤት ነበረኝ። ክፍሌን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ!»

አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሌላዋ መሬት መሬት ታያለች። አስጎብኚው ዱላውን ዝቅ አድርጎ ሊቀመንበሯን አየ። «እውነቷን ነው፣ እናቴ ናት» አልኩ።  የተናገርኩት በፍርሃትም በንዴትም ነው፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም። ሊቀመንበሯ «ወደ አውቶቡስ! ወደ አውቶቡስ!» ብላ ሁላችንንም እንደ ዶሮ እያባረረች አስወጣችን።

በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እናቴን ወሰዷት። አንደኛው ልጅ ሆኖ በራችን ላይ ዳቦ በቅቤ የበላ ነው። ዓይኗን ሳያይ «እማማ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አላት። የታሰረችው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ዱሮ እህል በሚቀመጥበት ጨለማ መጋዘን ውስጥ ነው። ምግብ አመላልስላት ነበር፤ ሳህኑን ተቀብለው ይመልሱልኛል እንጂ እሷን አላይም።

የቀበሌውን ሊቀመንበር ለማነጋገር ደጅ ጠንቼ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ኮፍያውን አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«እናትሽ በአደባባይ አብዮቱን ሰድባለች።»

«አልሰደበችም። ሥዕሉ የእሷ ነው፣ እውነቱን ነው የተናገረችው።»

«ጓድ፣ እናትሽ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል ብለን ልናልፈው እንችላለን። እሑድ ነዋሪው ፊት ወጥታ ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም ትበል። ያኔ ቤቷ ትገባለች።»

«ካላለችስ?»

ሻዩን ጠጣ። «እኔ የማላዝበት ቦታ ትሄዳለች።»

ያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ዘመን ልደታ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሰፈራችን ሄደው የቀሩ ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ዛሬም እንዳያለቅሱ የተከለከሉ ይመስል ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚሄዱት።

ሥዓሊው ትዝ አለኝ። እሱ «አዎን፣ የሳልኳት እሷን ነው፣ ቤትም ነበራት» ካለ እናቴ አልዋሸችም፣ አላበደችም። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለበዓል የሚሰቀሉትን ትላልቅ ሥዕሎች እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር። ሄድኩ። የቀይ ቀለም ሽታ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ በትልቅ ሸራ ላይ የአንድ ወታደር ቦት ጫማ ሲስል አገኘሁት። ጫማው ብቻ ከእሱ ይበልጣል። ወፍሯል። ሲያውቀኝ ፊቱ በራ።

«እትዬ ደኅና ናቸው?»

«ታስራለች» አልኩት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እያወራሁ ሳለ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጠወልግ አየሁ። ብሩሹን ቆርቆሮ ውስጥ ከተተና በሩን ዘጋ።

«አልችልም» አለኝ።

«ምኑን ነው የማትችለው? የሳልኳት እሷን ነው፣ ቤትም ነበራት በል ብቻ።»

«አልገባሽም። ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እኔን ሳያይ ቀጠለ።

«አብዮቱ እንደፈነዳ መጡብኝ። የመኳንንቱን ምስል ስትሠራ ኖረሃል አሉኝ፤ ውሸትም አይደለም፣ እንጀራዬ ነበር። ለሰፊው ሕዝብ ምን ሠራህ አሉኝ። ያለኝ እሷ ብቻ ነበረች። ቤት አልባ ናት አልኳቸው። መንገድ ዳር አይቼ ሳልኳት አልኳቸው። ወሰዱና ሙዚየም ሰቀሏት፤ እኔም ተረፍኩ። አሁን ሄጄ ዋሽቼ ነው ልበል?»

«ያበላችህን ሴት» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታመህ ፌጦ የበጠበጠችልህን ሴት!»

«አውቃለሁ፤ አትጩኺ እባክሽ።»

አትጩኺ ማለቱ ነው ያሳበደኝ። አጠገቤ የነበረውን የቀለም ቆርቆሮ ገፋሁት። ቀዩ ወለሉ ላይ ፈሰሰና ወደ ጫማው መጣ፤ እግሩን አላነሳም። ጥዬው ወጣሁ። ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ ድረስ ማንን እንደምሰድብ ሳላውቅ እየተሳደብኩ ሄድኩ፤ መንገደኛ ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

እሑድ መጣ። አዳራሹ ሞላ፤ ማን ይቀራል? እናቴን በጎን በር አስገቧት። ከስታለች፣ ነጠላዋ አድፏል፣ አካሄዷ ግን ያው ነው። ሊቀመንበሩ ስለ አድኃሪያን ብዙ ተናገረና ወደ እሷ ዞረ።

«እናት፣ በሙዚየሙ ስላዩት ሥዕል ለነዋሪው ይናገሩ። ያቺ ሴት እርስዎ ነዎት?»

እናቴ ሕዝቡን አየች። እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። ምን እንድትል እንደምፈልግ ራሴም አላውቅም ነበር።

«ያቺ ቤት አልባ ሴት ናት ብላችሁኛል» አለች።

«አዎን።»

«ቤት አልባ ከሆነች እኔ አይደለሁም። እኔ ቤት ነበረኝ። ባሌ የሠራው፣ በፍርድ የረታሁት። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

 ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ከሴቶቹ መካከል፣ የታፈነ ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ቋጠረ። የፈለገውን ቃል ብላለች፤ ያልፈለገውንም ብላለች። ጸሐፊው «ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም ብለዋል» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበለት። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና «ነዋሪው ሰምቷል፤ ይሂዱ» አለ።

ቤት ገብተን እግሯን ሳጥባት ስለ ሥዓሊው ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን ንዴቱን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም። እግሯን ከውኃው አወጣች።

«ቢጠይቀኝ እኮ እሰጠው ነበር» አለች። «ነፍሴ ተይዛለች፣ እትዬ፣ ፊትዎን ያውሱኝ ቢለኝ እንቢ እለው ነበር? መጥቶ እንዲህ ብያለሁ፣ ይወቁልኝ ቢለኝ ሙዚየሙ ውስጥ አፌን እይዝ ነበር። ሳይነግረኝ! እንደ ሞተ ሰው!»

ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ሥዕሏ ስናወራ፣ «ስሜን እዚያ እንዲጽፉ አልፈልግም። ያንን ቃል ብቻ ያጥፉልኝ» አለችኝ። ሙዚየሙ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አንድ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ ከጠረጴዛው ሳይነሳ «ርዕሱ የሥዓሊው ነው፣ እኛ አንነካውም» አለኝ። የበላይ አካል ጠይቂ አለኝ፤ የበላይ አካሉ ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም ወደ ሰውዬው መለሰኝ።

እናቴ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ሞተች። የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ሰው ሳስተናግድ፣ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው አየሁ። እሱ ነው። ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። እጄ ላይ የነበረውን ትሪ አስቀምጬ ላስወጣው ተነሳሁ፤ የዕድሩ ዳኛ ሽማግሌ ያዙኝ። «ልጄ፣ ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም» አሉኝ። ስለዚህ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ምግብ አቀረብኩለት። በላ። ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝና «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«ይቅርታ የሚጠየቀውን ሰው ዛሬ ቀበርነው» አልኩት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ በዚያ ሙዚየም በኩል ሳልፍ እግሬ ይዞኝ ገባ። ደረጃው ሥር ሄድኩ። የድሮው ካርቶን ተነሥቷል። በቦታው አዲስ፣ ንጹሕ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የተቀመጠች ሴት፣ ከሰል በወረቀት» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ወረቀቱን ማን እንደለወጠው ጥበቃውን ጠየቅሁት። ሥዓሊው ራሱ መጥቶ፣ ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋግሮ፣ በእጁ እንደለጠፈው ነገረኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ይሆናል። እኔ ግን በቀጥታ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ አገኘሁት፤ የሚሠራው ሥዕል የለም፣ ብሩሾች ያጥባል።

«ማድረግ ትችል ነበር ማለት ነው» አልኩት።

ብሩሹን ማጠቡን ቀጠለ።

«ሰው አልገደለህም፣ አላሰረህም። ሄድክ፣ ተናገርክ፣ ለወጥክ። እሷ እያለች ለምን አላደረግከውም?»

«ፈርቼ ነበር።»

«አሁንስ አትፈራም?»

«አሁንም እፈራለሁ» አለኝ። «እትዬን ግን የባሰ እፈራ ነበር። ቀና ብለው እንዳያዩኝ።»

ፍርሃቱን አምኜዋለሁ። በዚያን ዘመን ያልፈራ ሰው አላውቅም፤ እኔም ፈርቻለሁ፣ እናቴም መጋዘን ውስጥ ሆና ፈርታለች። ግን ፈርታም ተናግራለች። እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥኩትም። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ ስሙንም የጠየቀኝ ሰው ካለ አልነግረውም።